የጀላሉ ይግባኝ

በቅሎዋ ከጭቃው እግሯን መንቀል አቅቷታል፣ አጎቴ ሻፊ ከኋላ ይገፋታል፣ እኔ ከፊት ልጓሙን እጎትታለሁ፣ ዝናቡ ደሞ ጭንቅላቴ ላይ ባደረኩት የኮባ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ በዚህ መሀል ነው የጣልያኑ ካሚዮን ከኋላችን ጥሩምባውን እያስጮኸ የመጣው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጎማውን ነው። እንደዛ የሚያህል ጎማ! ከዛ በርሜሎቹን አየሁ፣ ከዛ ነው አባዬን ያየሁት። በበርሜሎቹ መሀል፣ ቀይ ታርቡሽ ካደረገ አስካሪ፣ ማለት ለጣልያን ካደረ ወታደር፣ አጠገብ፣ እጁ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። ወላሂ፣ መጀመሪያ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ከቤታችን ሰው ካሚዮን ላይ የወጣ የመጀመሪያው አባዬ ነው፣ ብዬ ነው ያሰብኩት። እጄን አውለበለብኩለት። እሱም ሊያውለበልብልኝ ሲል ሁለቱም እጆቹ አብረው ተነሱ፤ ሰንሰለቱ አንድ ላይ ነዋ።

ማልቀስ ነበረብኝ አይደል? ከመቱ ስንነሳ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ አልቅሰዋል፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። እኔ ምንም። ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ሰው የሚያወራኝ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ነው የሚመስለኝ፣ ይሰማኛል ግን አይደርስብኝም። ወሬ ግን አላቆምም። አጎቴ ሻፊ፣ «አንቺ ልጅ፣ ብትሞቺም ሦስት ቀን ታወሪያለሽ» ይለኛል።

ካሚዮኑ ሲያልፍ ጭቃውን ለሁለቱም ወገን እኩል ረጨው፣ ለኛም፣ ከመንገዱ ማዶ ለሚሄዱትም። ማዶ የሚሄዱት ኦቦ ባጫና ሚስታቸው አዴ ዋሪቱ ናቸው። የቀነዓ አባትና እናት። አባዬ ገደለው የተባለው ልጅ ቀነዓ ነው።

ከመቱ እስከ ጎሬ አብረን ሄድን፣ አብረን ደሞ አልሄድንም። ጉማ፣ ማለት የደም ካሳ፣ አንዴ ከተጀመረ እርቁ እስኪያልቅ ድረስ ደም ያለበት ቤትና የሟች ቤት አይነጋገርም። ከአንድ ምንጭ አይጠጣም፣ አንድ እሳት አይሞቅም፣ ዓይን ለዓይን አይተያይም። በግ ታርዶ ሁለቱም ወገን እጁን አንድ ላይ ደሙ ውስጥ እስኪነክር ድረስ እንደዛ ነው። ለጥላቻ አይደለም፤ ተያይቶ እንዳይገዳደል ነው። የኛ ቤት የነጋዴ ቤት ነው፣ አያቴም ከጅማ ነው የመጣው፣ ግን እዚህ አገር እስላም ሆንክ ክርስቲያን ደም በጉማ ነው የሚበርደው።

ብቻ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሰው እንዴት እስከ ጎሬ ዝም ብሎ ይሄዳል? ስለዚህ አጎቴ ሻፊ ለበቅሎዋ ያወራል። «በቅሎ ሆይ፣ ከፊት ያለው ድልድይ እንጨቱ ተነቅሏል አሉ፤ በታች በኩል ብንሻገር ሳይሻል አይቀርም» ይላታል፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ። ኦቦ ባጫ ትንሽ ይቆዩና ለዱላቸው፣ «ዱላዬ፣ በታችማ ወንዙ ሞልቷል። በድልድዩ ጠርዝ ጠርዝ ነው እንጂ» ይላሉ። አጎቴም በቅሎዋን ያመሰግናታል። በጠርዝ ጠርዝ ተሻገርን። እንደዚህ እንደዚህ እያሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ጣልያን ለመንገድ ሥራ ስለሚሰበስበው ሰው ሁሉ አወሩ። እኔ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። አዴ ዋሪቱ ግን ለበቅሎም ለዱላም አላወሩም። ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ሶር ጫካ ውስጥ ቀፎ አለው። ቀፎው የሚሰቀለው ቀረሮ ላይ ነው፤ ቀረሮ ደሞ ዛፍ ብቻ አይደለም፣ ቀና ስትሉ አንገታችሁን ያማችኋል። የሚወጣለት ቀነዓ ነበር። ቀነዓ ሲስቅ አንዱ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ነው፣ እና እኔ... ይቅር፣ ተዉት። በመስከረም አዲስ ቀፎ ሊሰቅሉ ሲሄዱ አባዬ፣ «ኩልሱም፣ ገመዱን ለቀነዓ ስጪው» አለኝ። ሁለት ገመድ ነበረን። አዲሱ ቆጥ ላይ ነው፣ አሮጌው በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። እኔ ቸኩያለሁ። በሩ ጀርባ ያለውን ሰጠሁት።

ከላይ ነው የተበጠሰው።

አባዬ ያደረገው፣ ጨዋ ሰው ያደርገዋል የሚባለውን ነው። የዛኑ ቀን ሽማግሌ ላከ። ዛፉ የኔ ነው፣ ቀፎው የኔ ነው፣ ገመዱ የኔ ነው፣ የላኩትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ደሙ በኔ ነው አለ። በጉማ ሕግ ወድቆ የሞተ ሰውም ደሙ ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ባለቤት አለው። ለመክፈቻ ሁለት ጊደር ነዳ፣ ኦቦ ባጫ ተቀበሉ፣ በጉ የሚታረድበት ቀን ተቆረጠ።

ይሄን የመቱው ረዚደንቴ ሰማ። ረዚደንቴ ጣልያን በኛ ላይ የሾመው ሹም ነው። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። ጀላሉ፣ ማለት አባዬ፣ ደም ካሰ? አዎ፣ ካሰ። ደሙ በኔ ነው ያለው ራሱ ነው? ራሱ ነው፣ ማንም ሳያስገድደው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ምስኪኖቹ ሽማግሌዎች አባዬን የሚጠቅሙት መስሏቸዋል። አልካደም፣ አልሸሸም፣ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት ጊደር ነዳ፣ እንደሱ ያለ ሰው የለም እያሉ አመሰገኑት። ረዚደንቴው እያንዳንዱን ምስጋና አስጻፈ። በሦስተኛው ቀን አባዬ በስቅላት ይቀጣ ተባለ።

ይግባኙ ጎሬ ነው። ማጆሬ የሚባለው ትልቁ የጣልያን መኮንን አርብ ጠዋት ይሰማል። እሱ ካጸናው አለቀ፣ ከዛ በላይ የሚጮኽበት የለም።

ጎሬ የገባነው ሐሙስ ከሰዓት ነው። እንዴት ያለች ከተማ መሰለቻችሁ! ኮረብታው ላይ ስትወጡ ጉሙ ከእግራችሁ በታች ይቀራል። የግሪኩ ሱቅ መስኮት ላይ የብርጭቆ ማሰሮ ተደርድሯል፣ ውስጡ ቀይና አረንጓዴ ከረሜላ አለ። ቆሜ ሳይ አጎቴ በክንዴ ጎተተኝ። በሱቁ ጥላ ስር ሁለት አስካሪዎች ካርታ ይጫወታሉ፣ የተሸነፈው ጆሮው ላይ እንጨት ያንጠለጥላል።

ወደ ጋሼ ደበሳ ሄድን። ጋሼ ደበሳ ጣልያን ሳይገባ፣ በደጃዝማቹ ዘመን፣ ችሎት ቆመው የሚሟገቱ ጠበቃ ነበሩ፤ አሁን ጣልያንኛ የሚያውቅ ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው የድሮው ጉምሩክ በረንዳ ላይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። መነጽራቸው አንዱ እጀታው ተሰብሮ በክር ጆሯቸው ላይ ታስሯል። እኛ በበረንዳው በአንዱ ጫፍ ቆምን፣ ኦቦ ባጫና አዴ ዋሪቱ በሌላው ጫፍ። እሳቸው መሀል ናቸው፤ ከማንም ወገን ስላልሆኑ ለሁለቱም ማውራት ይችላሉ።

የመቱን ፍርድ ሁለቴ አነበቡት። ከዛ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ማጆሬው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ካልገደልክ ለምን ካስክ ይላል። ሰው ሳይገድል ይክሳል ብለህ ለዚህ ሰውዬ ብትነግረው አይገባውም፤ ሦስት ሰው ነግሮት ሦስቱም ተሰቅለዋል። መልሱ አንድ ብቻ ነው። ጀላሉ ቁርዓን ይያዝና፣ ጉማ አይደለም፣ ጊደሮቹን ለለቅሶ ነው የረዳሁት፣ ደም የለብኝም ይበል። ኦቦ ባጫም እንደዛ ነው ይበሉ። በዚያው ሰዓት ይፈታል።»

አጎቴ ሻፊ የበረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ለናንተ ላስረዳችሁ። ሰው ፊት ደም የለብኝም ያለ ቤት ጉማውን ክዷል። የካደውን ደሞ ሽማግሌ አይሰበስበውም። ደሙ ተመልሶ ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ከሟች ቤት ያለ ወንድ ያነሳዋል፣ የሚያነሳው ደሞ በጦር ነው። ጎረምሳ ለጎረምሳ ነው። ከቀነዓ ቤት የቀረው ታናሽ ወንድሙ ጅራታ ነው። ከኛ ቤት ጎረምሳ አጎቴ ሻፊ ብቻ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ።

አጎቴ አንገቱን በእጁ ለካ። «ቀጭን ናት ጋሼ። ጅራታ ብዙ አይለፋም» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ሳቅሁ፣ ከዛ ለምን እንደሳቅሁ ጠፋኝ።

ያኔ ነው አዴ ዋሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት። ለኛ አይደለም፣ ለግድግዳው ነው። «ልጄ ከዛፍ የወደቀ ጉሬዛ ነው ይባልልኝ?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

ኦቦ ባጫ ዱላቸውን አዩት። «ዱላዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፈረንጅ ፊት ቆሜ አልዋሽም። እሱ ያለውን ነው የምለው። አለብኝ ካለ አለበት። የለብኝም ካለ የለበትም።»

ጋሼ ደበሳ ለኦቦ ባጫ ብዙ ነገር ነገሯቸው፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። ጅራታን መያዝ ይችሉ እንደሆን ጠየቋቸው። ኦቦ ባጫ ደሙ የኔ የብቻዬ አይደለም፣ የጎሳ ነው፣ እኔ ብተው የአጎቱ ልጆች አይተዉትም አሉ። እሳቸውን ያያችሁ እንደሆን ክፉ ሰው አይደሉም። በመንገድ ሲሄዱ የሚንሸራተትበትን ቦታ ሁሉ ለዱላቸው እየነገሩ ነው ያሻገሩን።

አጎቴ ሻፊ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ቆየ። ከዛ ቀና ሳይል፣ «ስንቅ የምታስገቢው አንቺ ነሽ ኩልሱም። ሻፊ ደም የለብኝም በል ብሎሃል በይው። አንገቱ የሱ ነው፣ ራሱ ፈቅዷል በይው» አለኝ።

እስር ቤቱ የቡና መጋዘን የነበረ ድንጋይ ቤት ነው፤ ውስጡ አሁንም ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። ወንድ አያስገቡም፣ ሴትና ሕፃን ያስገባሉ። በሩ ላይ ያለው የጣልያን ፖሊስ፣ ካራቢኔሪ የሚሉት፣ ቂጣውን በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገው፣ ማሩን በጣቱ ቀመሰው፣ ደገመው፣ ከዛ እለፊ አለኝ። ሲስቅ ልጅ ነው የሚመስለው።

አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ሰሌን ላይ ተቀምጧል። ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ መቼ ነጭ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ምን አወራሁ መሰላችሁ? ስለ ከረሜላው። ስለ ጉሙ። አጎቴ ለበቅሎዋ፣ ኦቦ ባጫ ለዱላቸው እንዳወሩ። የአስካሪዎቹን ካርታ። ካሚዮን ላይ መሄድ ምን እንደሚመስል ጠየቅሁት፤ ወገብ ይቆርጣል አለኝ። ሁሉንም አዳመጠኝ፣ አላቋረጠኝም፣ ቂጣውንም አልነካም። ወሬዬ ሲያልቅ፣ «በይ አሁን የተላክሽበትን ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። ጋሼ ደበሳ ያሉትን፣ ኦቦ ባጫ ያሉትን፣ አጎቴ ያለውን። ገበያ ምን ግዢ ተብዬ እንደተላክሁ አድርጌ ነው የደረደርኩት።

ማሩን ወደ ጎን አደረገው። ከዛ፣ «ሻፊ የገመዱን ነገር ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም።»

«እንዳትነግሪው። ለማንም እንዳትነግሪ። ገመዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ እንጂ አባዬ።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

አንድ እስረኛ ከጥግ ሆኖ ይስላል። አባዬ ጉልበቱን አቅፎ፣ «የነገው አፌ ላይ ነው ያለው» አለ። «አለብኝ ካልኩ እሰቀላለሁ፣ ሻፊ ይኖራል። የለብኝም ካልኩ እኔ ቤቴ እገባለሁ፣ ወንድሜ ይሞታል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

በሕይወቴ ትልቅ ሰው ምን ትያለሽ ብሎኝ አያውቅም። ቢያንስ አንድ ቀን ማሰብ ነበረብኝ። አጎቴ ሻፊ ትንሽ ሳለሁ በትከሻው ተሸክሞ የሶርን ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው። እኔ ግን አላሰብኩም፣ አፌ ቀደመኝ፣ «የለብኝም በል» አልኩት። ዝም ብዬ አልኩት። አባዬ ቂጣውን ቆርሶ ግማሹን ለሚያስለው ሰውዬ ሰጠው።

አርብ ጠዋት ችሎቱ ሞላ። ድሮ የደጃዝማቹ እልፍኝ የነበረ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ አሁን ባንዲራቸውና የንጉሣቸው ሥዕል አለ። ማጆሬው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል፣ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ አፍንጫውን በነጭ መሀረብ ቶሎ ቶሎ ይጠርጋል። አስተርጓሚው ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ ቢጫ ጫማ አድርጓል። ቢጫ! እኔ ጫማውን ሳይ አባዬን አስገቡት። ጋሼ ደበሳ ማመልከቻውን ሰጡ፣ ጣልያንኛ የሚያውቀው ልጅ አነበበ፣ ማጆሬው ሳይሰማው አልቀረም።

ከዛ የተባለው ጥያቄ መጣ። ካልገደልክ ለምን ካስክ።

አባዬ ቁርዓኑን ያዘ። ዓይኑ መጀመሪያ እኔ ላይ አረፈ፣ ከዛ አጎቴ ላይ። አጎቴ ጎሬ የገዛትን አዲስ ኮፍያ በሁለት እጁ ይዞ ጣራውን ያያል። የማጆሬውን የደረት ቁልፎች ቆጠርኩ፣ ስምንት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ።

«ጉማ አይደለም» አለ አባዬ። «ለለቅሶ የረዳሁት ነው። ደም የለብኝም።»

ፍርዱን ሊሰሙ ከሶር መጥተው ከኋላችን የቆሙት ሰዎች አንድ ላይ ተነፈሱ።

ኦቦ ባጫን ጠሩ። እውነት ነው ወይ ተባሉ። ዱላቸውን ሁለት እጃቸውን ጭነውበት፣ «የለብኝም ካለ የለበትም» አሉ። አስተርጓሚው ተረጎመ። አዴ ዋሪቱ ወለሉን እያዩ ነው።

ማጆሬው አፍንጫውን ጠረገ፣ ጻፈ፣ ተናገረ። አስተርጓሚው በቢጫ ጫማው ወደፊት አንድ እርምጃ መጥቶ አወጀ። የመቱው ፍርድ ተሽሯል። ጀላሉ ነፃ ነው። የደም ካሳ የሚባለው የአረመኔ ልማድ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ሲሸመግል የተገኘ ይገረፋል። ሁለቱ ጊደሮችም ለባለቤታቸው ይመለሱ። ሰንሰለቱን ፈቱት። እጁን አላሻሸም፣ እንደታሰረ ሰው አንድ ላይ አድርጎ ነው የወጣው።

ውጪ ዝናቡ አቁሟል። ከኛ ወገን ሴቶች ቢኖሩ እልል ይሉ ነበር ይሆናል፤ ግን ያለሁት እኔ ነኝ። አባዬ፣ አጎቴ ሻፊ፣ ጋሼ ደበሳና እኔ ግቢው ውስጥ ቆምን። አባዬ አጎቴን ማየት አልቻለም። አጎቴ ደሞ ኮፍያውን አድርጎ ያምርብኛል ወይ እያለ ይጠይቀኛል።

ያን ጊዜ ኦቦ ባጫ ወደኛ መጡ። ጎን ለጎን አይደለም፣ ፊት ለፊት። አጎቴ ፊት ቆመው ዓይኑን አዩት።

«ሻፊ፣ እንደምን አደርክ» አሉት።

ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስሙን ጠርተው፣ ለራሱ። ጋሼ ደበሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ጉማ የለማ፤ ጉማ ከሌለ ለምን አያዩትም፣ ለምን አያናግሩትም።

«እግዜር ይመስገን ኦቦ ባጫ» አለ አጎቴ።

«ጊደሮቹ ይመለሱ ተብሏል። ሰኞ ጅራታ እቤትህ ድረስ ይነዳልሃል።»

ጅራታ ጦሩንም ይዞ እንደሚመጣ አላሉም። ማለትም አያስፈልግም። አጎቴ፣ «እሺ፣ እጠብቀዋለሁ» አለ፤ ጨዋታ ለመጨመር አፉን ከፍቶ ምንም አልወጣለትም። እሱ ቀልድ ሲያጣ አይቼ አላውቅም።

አዴ ዋሪቱ ከባላቸው ኋላ ቆመዋል። ሄድኩና ፊታቸው ቆምኩ። አላሰብኩበትም፣ ወላሂ አላሰብኩበትም፤ አባዬ እንዳትናገሪ ያለኝ እንኳን ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«ገመዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አባዬ አይደለም። ሁለት ገመድ ነበረን፣ አሮጌውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደሙ በኔ ነው።»

ሁሉም ዞሩ። አዴ ዋሪቱ አዩኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብለው።

«አዲሱ የት ነበር?»

«ቆጥ ላይ።»

«ለምን አላወረድሽውም?»

መዋሸት እችል ነበር። «መቱ ገበያ ላይ ጣልያኖቹ የሚዘፍን ሳጥን ያሳያሉ ተብሎ ነበር» አልኩ። «ቶሎ እንድደርስ ብዬ።»

«ዘፈነ?»

«አልዘፈነም። ተበላሽቷል ብለው መለሱን።»

አዴ ዋሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጎረቤት ስለ ዝናብ ሲነግራቸው እንደሚነቀንቁት ያለ ነው።

ኦቦ ባጫ ወደ ጋሼ ደበሳ ዞሩ። «የሴት ልጅ ቃል የቤት ቃል ይሆናል?» ብለው ጠየቋቸው።

ጋሼ ደበሳ መነጽራቸውን በኩታቸው ጠረጉ፣ ክሩን ጆሯቸው ላይ አሰሩ። «ያላገባች ልጅ የአባቷ ቤት ናት» አሉ። «ቤቱ ደሙን አምኗል፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ እርስዎም ሰምተዋል። አባትየው ግን ካስተባበለ የሷ ቃል ከሱ አይበልጥም። ዝም ካለ አጽንቷል።»

ስለዚህ ሁላችንም አባዬን አየነው።

አባዬ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ሊል ነው፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ግን ያ ማሩን የቀመሰው ካራቢኔሪ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራ እየለኮሰ ያየናል፣ አስተርጓሚውም አጠገቡ ነው። እኔ ነኝ ካለ መልሰው ያስገቡታል። ውሸቷን ነው ካለ ሰኞ ጅራታ ይመጣል። አባዬ ሁለቱን እጁን፣ አሁንም አንድ ላይ፣ ወደ አፉ አነሳ። አፉን ዘጋ።

አዴ ዋሪቱ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ሳቡና ፊታቸውን ከኔ አዞሩ። ተቀበሉኝ ማለት ነው። ኦቦ ባጫም ከአጎቴ ላይ ዓይናቸውን አንስተው ወደ መሬት አደረጉ። አጎቴ ሻፊ ግንቡ ስር ቁጭ አለ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ እያየሁት ኮፍያው ጭቃ እንደነካው ብቻ ነው የታየኝ።

ቀሪውን ጋሼ ደበሳ በፍጥነት አስተካከሉት። ፍርዱ ጊደሮቹ ይመለሱ ብሏል፣ ይመለሳሉ፤ ተመልሰው አይነዱ ግን አላለም። ሽማግሌ መሰብሰብ ከተከለከለ ቀፎ ሊያዩ የወጡ ሰዎች ጫካ ውስጥ ቢገናኙ ማን ያውቃል። እኔ ደሞ በጉ እስኪታረድ ከሰው ጋር መብላት፣ በቤቴም ማደር የለብኝም፤ ሶር ማዶ ያለ አንድ ሽማግሌ ቤት እደበቃለሁ። ስንት ወር እንደሆነ ጠየቅሁ። ጣልያን ዓይኑን እስኪያነሳ አሉኝ።

አባዬን ደህና ሁን ልለው ፈልጌ ነበር። ጋሼ ደበሳ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ የሟች ወገን እዛው ቆሟል፣ ነውር ነው። አባዬ ዝም ብሎ ያየኛል። ጺሙ ላይ ትንሽ ማር ደርቋል፣ ልነግረው ነበር።

አጎቴ ሻፊ በቅሎዋን ሊሰጠኝ ተነሳ፣ እሱንም ከለከሉት። በጓሮ በኩል አወጡኝ። ደም ያለበት ሰው በገበያ መሀል አያልፍም። ከአጥሩ ወዲያ ገበያው ደርቷል፣ አንዲት ሴት ጨው እያስለካች የሆነ ነገር አስቋት ትንፈቀፈቃለች። ጋሼ ደበሳ ቶሎ ቶሎ ሂጂ አሉኝ። ቶሎ ቶሎ ሄድኩ።